ጓዳ የገባው ሞተር

የመንግሥቴ ቤት ከርብ ወንዝ ወዲህ፣ ሜዳው ጥቂት ከፍ ባለበት ጉብታ ላይ ነበር። ክረምት ሲገባ ውኃው ዙሪያውን ይተኛና ጉብታው ብቻውን ይቀራል። ከወረታ የሚነሣው የመብራት መስመር የአስፋልቱን ዳር ይዞ ወደ ሐሙሲት ይወርዳል እንጂ ወደዚያ አይገባም። «ለከርሞ ይገባል» ሲባል ስድስት ክረምት አለፈ።

ሚስቱ ስመኝ ወረታ ያደገች ናት። አክስቷ ቤት ሆና እስከ ስምንተኛ ክፍል ስትማር አምፖል አብርታ አጥፍታለች። ተድራ ወደ ሜዳው ስትመጣ ከሁሉ ያንገበገባት ጭሱ ነበር። የኩበት ጭስ ዓይኗን አቅልቶ፣ ሽፋሽፍቷን አርግፎ፣ ገና በሠላሳ አምስት ዓመቷ ሳታለቅስ እንባዋ የሚወርድ ሴት አደረጋት። ስለዚህ ሩዙም ሽንኩርቱም ባማረበት ዓመት መንግሥቴ «ምን ልግዛልሽ?» ሲላት ወርቅ አላለችም።

«መብራት» አለችው።

ወረታ መናኸሪያው አጠገብ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚጠግን እንዳልካቸው የሚባል ወጣት ነበር። እሱ መጥቶ ጣሪያው ላይ አራት የሶላር ሰሌዳ አሰረ፤ ሁለት ባትሪና ኃይሉን ለቤት ዕቃ የሚቀይር ኢንቨርተር ሳሎኑ ጥግ ላይ አስቀመጠ። በዚያ ምሽት ከጉብታው ላይ የበራው ብርሃን ከሩቅ ይታይ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ስልኩን ሊሞላ፣ ቴሌቪዥን ሊያይ መጣ። መንግሥቴ ደስ አለው። ሰው ደጁ ሲሞላ የሚወድ ሰው ነው። ደስ ሲለው ደግሞ ማቆም አያውቅም። በሳምንቱ ባሕር ዳር ወርዶ ፍሪጅና የኤሌክትሪክ ምጣድ ጭኖ ተመለሰ።

ምጣዱን በሰኩት ጊዜ ኢንቨርተሩ ሦስት ጊዜ ጮኸና ቤቱ ድርግም አለ። ፍሪጁን ለብቻው ቢያደርጉት ሁለት ቀን ሠርቶ ባትሪውን ጨረሰው። እንዳልካቸው ተጠርቶ መጣ፤ ምጣዱን ገልብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«አያ መንግሥቴ፣ ይህ ሶላር ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ነው። ሙቀት የሚሠራ ዕቃ ሁሉ ሆዳም ነው። የዚህ የአንድ ምጣድ ኃይል ሦስት መቶ አምፖል ያበራል።»

«ታዲያ ሰሌዳውን እንጨምርበታ።»

«ለምጣድ የሚበቃ ሰሌዳና ባትሪ ልግዛ ካሉ በሬዎችዎን መሸጥዎ ነው። በዚያ ላይ ክረምት እየገባ ነው፤ ፀሐዩስ የታለ? ይተዉት ምጣዱን።»

መንግሥቴ ግን የገዛውን ዕቃ ከግድግዳ አስደግፎ የሚያይ ሰው አልነበረም። ሰኔ ሲጋመስ በቤንዚን የሚሠራ ጄኔሬተር ገዛ። እንዳልካቸው ገመዱን ሲዘረጋ ደጋግሞ ተናገረ፦ «ከቤት አርቁት። ቢያንስ ሠላሳ እርምጃ። የዚህ ጭስ ከከሰል ይብሳል፤ ሳያስነጥስ ነው የሚገድል።» መንግሥቴም እሺ አለ። ከግቢው ዳር ካለው ዋርካ ሥር አራት እንጨት ተክሎ ቆርቆሮ አለበሰውና ሞተሩን በሰንሰለት አሰረው።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ስመኝ ያለ ጭስ ጋገረች። ወጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሠራች። ዓይኗ መለስ አለላት፤ ልጇ ውባንቺ እንኳ «እማዬ፣ አማረብሽ» አለቻት። ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ግን ከወንዙ ዳር የአንድ ጎረቤት የውኃ መሳቢያ ሞተር በጠራራ ፀሐይ ተሰረቀ። በዚያው ሰሞን ዝናቡ በነፋስ እየተገፋ ከዋርካው ሥር ያለውን የቆርቆሮ መጠለያ አፈረሰው። መንግሥቴ ሰንሰለቱን ፈትቶ ጄኔሬተሩን ወደ ዕቃ ቤት አስገባው።

ዕቃ ቤቱ ከመኖሪያው ጋር አንድ ጣሪያ ነው። በጆንያ የታሰረ ሩዝ የሚደረደርበት፣ ዶሮ የሚያድርበት ክፍል ነው። መሐል ላይ ያለው የጭቃ ግድግዳ ጣሪያው ሥር አይደርስም፤ ክንድ ያህል ክፍት ነው። መንግሥቴ ከሞተሩ ጭስ መውጫ ላይ የብረት ቧንቧ ቀጥሎ፣ መጋጠሚያውን በጨርቅና በሽቦ ጠፍሮ፣ ግድግዳውን በስቶ ወደ ውጭ አወጣው።

«እንዳልካቸው ከቤት አርቁት ብሎ አልነበር?» አለች ስመኝ።

«ጭሱን ነው አርቁት ያለው። ይኸው ወጣ። አይታይሽም?»

እውነትም ከቧንቧው ጫፍ ጭስ ሲወጣ ይታይ ነበር። እሷም ወደ ሊጧ ተመለሰች።

መጀመሪያ የሞቱት ዶሮዎቹ ናቸው። አንድ ቀን ሲጋገር ተውሎ ማታ ዕቃ ቤቱ ሲከፈት አራቱ ከቆጡ ሥር ወድቀው ተገኙ። «ፈንግል ነው» ተባለ። ቀጥሎ የመንግሥቴ እናት እማማ ጸሐይነሽ ራሴን አሉ። አልጋቸው ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ጋር የተጠጋ ነው፤ እግራቸው ስለማይታዘዝላቸው ከዚያ አይወጡም። ሞተሩ በተነሣ ቀን ሁሉ ራሳቸውን በሻሽ ጠፍረው ያቃስታሉ፤ የበሉት ይመለስባቸዋል።

«ይህ የሚያጓራው ነገር ራሴን ፈለጠው፣ ልጄ» ይላሉ።

«ድምፁ ነው እማማ፤ ይለመዳል» ትላለች ስመኝ። እሷም ራሷን ያማት ነበር። ሥራው ነው ብላ ትተወዋለች። መንግሥቴ ግን ምንም የለበትም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሩዙ ውስጥ ነው።

ሐምሌ አሥራ ስምንት ቀን ከሰዓት በኋላ ስመኝ ለእማማ ጸሐይነሽ አጥሚት ይዛ ገባች። ጠራቻቸው። ፊታቸው ወደ ግድግዳው ዞሯል። ትከሻቸውን ስትነካ ሰውነታቸው ሙቀት ነበረው፤ ትንፋሽ ግን አልነበረም። ፊታቸው ጥቁር አላለም፤ አልገረጣም። እንደ ጤነኛ ሰው ወዝ ነበረው። ገናዦቹ «ጻድቅ ናቸው፣ አሟሟታቸው አማረ» አሉ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ስለነበሩ ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀም።

ከጉብታው ቁልቁለት ላይ፣ ውኃው ከሚደርስበት ከፍ ብሎ፣ ትርሲት የምትባል ሸክላ ሠሪ ከባሏ ከዘሩ ጋር ትኖር ነበር። ዘሩ ቀጥቃጭ ነው፤ የአገሩን ማጭድና ማረሻ የሚያበጅ እሱ ነው። አገሩ የእጃቸውን ሥራ ይገዛል፤ ማዕዳቸውን ግን አይቆርስም። «ዓይናቸው ክፉ ነው» ይባላል። ስመኝ ምጣዷንም ድስቷንም አሥራ ስምንት ዓመት ከትርሲት ስትገዛ ኖራለች። ሰው በሌለበት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የተጫወተችበት ቀን ብዙ ነው። የኤሌክትሪኩ ምጣድ ከመጣ ወዲህ ግን አልሄደችም፤ ሸክላ ምጣድም አልገዛችም።

ለእማማ ጸሐይነሽ ተዝካር የጠላ ጋን ስላስፈለገ ስመኝ ላከችባት። ትርሲት ጋኑን በጀርባዋ አዝላ በሐምሌ መጨረሻ መጣች። ካፊያ ነበር። ሞተሩ ይጮሃል፤ መስኮቱ ተዘግቷል። ትርሲት ልማዷ ሆኖ ከደጃፉ አላለፈችም፤ ጋኑን አውርዳ ጉበኑ ላይ ተደገፈች። በዚህ መሐል ውባንቺ ከውስጥ ወጣች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቀጭንና ቀይ ዳማ ናት።

ትርሲት ትክ ብላ አየቻት። «ውባንቺ፣ ምነው እንዲህ ቀላሽ? ከንፈርሽ ደም መስሏል እኮ።»

ስመኝ ደነገጠች። በዚያ አገር ሸክላ ሠሪ የሰው ልጅ መልክ አታነሣም፤ ካነሣችም «ማርያም ትጠብቅሽ» ሳትል አታልፍም። ትርሲት ግን ምርቃቱን ረሳችው። ዓይኗ ከልጅቱ ላይ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ውስጥ፣ ከዚያ ወደ ጣሪያው ሄደ።

«ያ ነገር ከውስጥ ነው የሚጮኸው?»

«ዕቃ ቤት ነው። ጭሱ በቧንቧ ይወጣል።»

«ሁሉም አይወጣም፣ ስመኝ። እኔ እዚህ ቆሜ ራሴን ያዘኝ። እኅቴ ጎንደር ሰው ቤት ስትሠራ ከሰል አቀጣጥላ በር ዘግታ ነው የሞተች። ሲያወጧት ከንፈሯ እንዲሁ ቀልቶ፣ እንደ ልጅሽ አምሮባት...»

«አፍሽን ያዢ!» አለች ስመኝ። ልጇን በክንዷ ጎትታ ወደ ውስጥ አስገባቻትና በሩን ዘጋችው። ልጄን ከሞተች እኅቷ ጋር አመሳሰለቻት ብላ ሌላውን ቃል ሁሉ አልሰማችውም።

በሦስተኛው ቀን ውባንቺ ምጣዱ ፊት ለፊት ተዝለፍልፋ ወደቀች።

መንግሥቴ ከሩዙ ሮጦ መጣ። ጎረቤቶች ደረሱ። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠው አፍንጫዋ ሥር ያዙላት። «ማን አይቷት ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲዞር ቆይቶ ስመኝ ዘንድ ደረሰ። እሷም ተናገረችው። «ትርሲት» አለች። «ቀላሽ፣ ከንፈርሽ ደም መስሏል አለቻት።»

አንዲት ሴት «ምጣዷን መግዛት ተውሽባታ፤ አንጀቷ አሮ ነው» አለች።

መንግሥቴ ዱላውን ይዞ ወረደ። ትርሲት ጭቃ እያቦካች፣ ዘሩ ወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። «ደጄን ዳግመኛ ብትረግጪ እግርሽን እሰብረዋለሁ!» አላት ሰው ሁሉ እየሰማ። ዘሩ ተነሥቶ ነበር፤ ትርሲት በጭቃ እጇ ያዘችው።

«እሺ አያ መንግሥቴ፣ አልረግጥም» አለች። «ያን ሞተር ግን አውጣው።»

ይህም ለእሱ እንደ ዛቻ ተሰማው።

ፍልሰታ ሲገባ ውባንቺን ለጠበል ወደ ኪዳነ ምሕረት ወሰዷት። ከአክስቷ ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አሥራ አምስት ቀን ሰነበተች። በሁለተኛው ቀን ራስ ምታቱ ለቀቃት። በሳምንቱ ውኃ ትቀዳ፣ ከጓደኞቿ ጋር ትሥቅ ጀመር። ስመኝ ልትጠይቃት በሄደች ጊዜ ሁሉ እሷንም ራሷን ቀለል ይላትና የጠበሉ በረከት ነው ብላ ታምን ነበር። ጾሙ ተፈቶ ልጅቱ ወደ ቤት ተመለሰች። በማግሥቱ ሞተሩ ተነሣ። ከቀትር በፊት ውባንቺ ደጃፉ ላይ ተንበርክካ አስታወከች።

«ይኸው!» አለ መንግሥቴ። «ያቺ ሴት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልትደርስባት አልቻለችም። እዚህ ስትመጣ ጠብቃ ያዘቻት። ከዚያ ቁልቁል ሆና ነው የምታያት።»

በቁልቁለቱ በኩል ያለውን መስኮት በሚስማር መታው። ትርሲት እንዳታይ፤ ቤቱም በዚያው ታፈነ።

የእማማ ጸሐይነሽ አርባ የሚውለው ነሐሴ ሃያ ስምንት ነው። በዋዜማው ቀን ከበድ ያለ ዝናብ ነበር። ርብ ሌሊቱን ሞልቶ ጉብታውን ከቦታል፤ ሊያግዙ የነበሩት የማዶ ጎረቤቶች መሻገር አልቻሉም። መንግሥቴ ጠዋት በታንኳ ወጥቶ ለተዝካሩ የጎደለውንና ቤንዚን ሊያመጣ ወረታ ሄደ። ሲወጣ ሞተሩን ራሱ አስነሣውና «ዛሬ እንዳታጠፉት፤ ሁሉም እንጀራ ዛሬ ይለቅ» አለ።

ነፋሱ ዝናቡን በበሩ ስለሚያስገባው ስመኝ በሩን ቀረቀረችው። ምጣዱ ይሠራል፤ ምድጃው ላይ ወጥ ተጥዷል፤ ፍሪጁም ያጓራል። ውባንቺ ሽንኩርት ትከትፋለች። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ስመኝ ሠላሳ ያህል እንጀራ አወጣች። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ጠፋባት። ግንባሯን በሁለት በኩል ሰው በመዶሻ የሚመታት መሰላት።

«እማዬ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ» አለች ውባንቺ።

«ጋደም በይ እስቲ፤ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ልጅቱ መደቡ ላይ ተጋደመች። ስመኝ ሊጥ ቀዳች። አሰፋች። ክዳኑን ልታነሣ ስትል እጇ የት እንዳለ አጣችው። አንድ እንጀራ አረረ። ማረሩ አላሳዘናትም፤ ይህም ራሱ ገረማት። ልቀመጥ ብላ ስታስብ ራሷን ተቀምጣ አገኘችው። ልጇን ጠራች። መልስ የለም። የልጅቱ ፊት ቀልቷል፤ አፏ ገርበብ ብሏል፤ ደስ የሚል ሕልም የምታይ ትመስላለች። ያኔ ስመኝ የአማቷ ፊት ትዝ አላት። ልትነሣ ሞከረች። ጉልበቷ የሌላ ሰው ጉልበት ሆነባት። በእጇ እየዳኸች ወደ በሩ መንገድ ጀመረች፤ በሩ ግን እየራቀ ሄደ።

ከውጭ ሰው መዝጊያውን ይመታል። «ስመኝ! ስመኝ! ውባንቺ!» የትርሲት ድምፅ ነው።

መጣች፣ አለች ስመኝ በልቧ። ልትጨርሰን መጣች። መወርወሪያውን ልትከፍት የዘረጋችውን እጅ መልሳ ሰበሰበችው።

በሩ ከውጭ በአንዳች ከባድ ነገር ተመታ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። መወርወሪያው ተሰበረ። ትርሲት ከራስ እስከ እግሯ ርሳ፣ የዘሩን መዶሻ ይዛ ቆማ ነበር። ስመኝ አጠገቧ ያገኘችውን ማማሰያ አንሥታ በሌላት ጉልበት ፊቷን መታቻት። «ልጄን አትንኪ» ያለች መሰላት፤ ከአፏ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ትርሲት ማማሰያውን ቀምታ ወረወረችው፤ ስመኝን በብብቷ ገብታ ጎተተቻት። ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው።

ስትነቃ ጭቃ ላይ ተኝታ ዝናብ ፊቷን እየመታው ነበር። አጠገቧ ትርሲት ውባንቺን ጭኗ ላይ አጋድማ ፊቷን ታጥባለች፣ ጀርባዋን ትመታለች፣ ትለምናለች። «ተንፍሺ የኔ ልጅ። በእመብርሃን፣ ተንፍሺ። አንዴ ብቻ።» ቅንድቧ ላይ ማማሰያው ከሰነጠቀው ቦታ ደም ይወርዳል፤ ዝናቡ ያጥበዋል። ከኋላቸው በተሰበረው በር በኩል ሞተሩ ይጮሃል። ትርሲት ማጥፋቱን አታውቅም፤ ስመኝም መነሣት አልቻለችም። ሰው በሌለበት ቤት ውስጥ ለብቻው ሲያጓራ፣ ቤንዚኑን ጨርሶ ተንተፋትፎ እስኪቆም ድረስ ጮኸ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሁለቱ ሴቶች ከውጭ ሆነው ሰሙት።

ውባንቺ አልሞተችም። ከማዶ በተዋሰው ታንኳ የተመለሰው ዘሩ በዚያው አውጥቶ፣ ከመንገዱ ላይ ከእናቷ ጋር በባጃጅ ወረታ አደረሳት። ጤና ጣቢያ ኦክስጅን ተደረገላት። ባለሙያው የመጀመሪያ ጥያቄው «ቤት ውስጥ ምን ይነድ ነበር?» የሚል ነበር። ስመኝ ስትነግረው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ጭስ ነው። የማይታየው፣ የማይሸተው ዓይነት። ደማችሁ ውስጥ ገብቶ ነው። ጥቂት ቢቆይ ኖሮ ሁለታችሁም አትገኙም ነበር። ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ ሰው ነበር?»

ስመኝ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተችው።

በአራተኛው ቀን ልጅቱ ተነሣች፤ ነገር ግን ያቺው ውባንቺ አልነበረችም። እጇ ይንቀጠቀጣል። የምታውቀው ዕቃ ስም ይጠፋባታል፤ ማንኪያ ይዛ «ይህ... ይህ...» ትላለች። ባለሙያው «በጊዜ ሊሻላት ይችላል፤ ላይሻላትም ይችላል» አለ።

ሜዳው ላይ ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ስመኝ ስትመለስ ደጇ ድረስ መጥተው የጠየቋት ሴቶች አንድ ነገር ነው የሚሉት፦ «ያስለቀቀቻት ራሷ ትርሲት ናት አሉ። የበላችውን ተፋች! ማንም ሳይነግራት በሩ ላይ እንዴት ደረሰች? እሷ ባታሥራት እሷ ትፈታት ነበር?»

«ሞተሩ ሲጮህ፣ በር መስኮቱ ተዘግቶ አይታ ነው የመጣች!» አለች ስመኝ። «ሰው ስትጠራ ሰው ስላጣች ነው የሰበረችው። ጭሱ ነው የገደለን። ሐኪሙ ነግሮኛል።»

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ይሁን፣ እግዜር ይማርሽ» ብለው ሄዱ።

መንግሥቴን ማታ ላይ ያዘችው። ከተሰበረው በር አጠገብ ተቀምጦ አዲስ መወርወሪያ እየጠረበ ነበር።

«ሽማግሌ ይዘህ ውረድና ትርሲትን ይቅርታ ጠይቃት።»

«ለምን?»

«ልጅህን አወጣችልህ። ጥፋቱ የሞተሩ ነው። ዶሮዎቹም፣ የኔም ራስ፣ እማማም...»

መጥረቢያውን አስቀመጠ። «እማማም ምን?»

ዓይኗ ወደ ዕቃ ቤቱ ግድግዳ ሄደ።

«እናቴን እኔ ገደልኳት ልትይኝ ነው?» ድምፁ ዝቅ ብሎ ነው የወጣው። «አልጋዋን ከዚያ ግድግዳ ያስጠጋሁ እኔ፣ ሞተሩን ያስገባሁ እኔ። ተናገሪዋ። እኔ ነኝ በይኝ።»

ስመኝ ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ሚስቱ ናት፤ አሥራ ስምንት ዓመት አብራው ኖራለች። እንዲህ ፈርቶ አይታው አታውቅም። ቡዳዋ በላቻቸው ቢል እናቱን ሌላ ሰው ነው የወሰደበት። ሞተሩ ነው ካለ ግን በቀረው ዕድሜው ሁሉ ከዚያ ግድግዳ ጋር ይኖራል።

«እናቴን ቡዳ ነው የበላት» አለ። መጥረቢያውን አነሣና እንጨቱን መጥረብ ቀጠለ።

በማግሥቱ ማለዳ ግን ለማንም ምንም ሳይናገር ጄኔሬተሩን ብቻውን እየጎተተ ከዕቃ ቤት አወጣው። ከግቢው ውጭ፣ ከበፊቱ ቦታም አልፎ፣ ድንጋይ ክቦ ቤት ሠራለት። ቧንቧ የወጣበትን ቀዳዳ በጭቃ ደፈነው። ስመኝ ከደጃፉ ሆና ታየው ነበር። ቀና ብሎ አላያትም።

የመስቀል ሳምንት የትርሲት ሸክላ ተሰበረ። ለይፋግ ገበያ ያዘጋጀችው፣ ፀሐይ ላይ የተሰጣ አርባ ያህል ድስትና ምጣድ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ስትመለስ አንድም ሳይቀር ተረግጦ አገኘችው። ማን እንዳደረገው ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አልተናገረም። ስመኝ እየሮጠች ወረደች። ዘሩ መዶሻውንና ወናፉን እያሠረ ነበር።

«የት ልትሄዱ ነው?»

«ይፋግ ወንድሜ አለ» አለ ዘሩ።

ስመኝ መሬቱ ላይ ተንበረከከች። «እቴ ትርሲት፣ ስምሽን የጠራሁ እኔ ነኝ። ያን ቀን በቤት ሙሉ ሰው ፊት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት እናገራለሁ፤ ዋሽቻለሁ እላለሁ።»

ትርሲት ቅንድቧ ላይ ያለው ቁስል ገና አልጠገገም። ስመኝን በክንዷ ይዛ አነሣቻት።

«ተናገሪ» አለች። «ለኔ አይደለም ግን። እኔ እሄዳለሁ። እዚህ ሜዳ ላይ ዘንድሮ ሽንኩርት ለሸጠ ሁሉ ምጣድ አምሮታል፤ ሞተር አምሮታል። ለእነሱ ተናገሪ።»

ስመኝ እሑድ ተናገረች። ካህናቱ ዝም ብለው ሰሟት፤ አንዳንድ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ግን መንገድ የሚለቁላት ሰዎች በዙ። ለአክብሮት አልነበረም። ልጆቻቸውን ወደ ራሳቸው ጠጋ ያደርጉ ነበር። «ትርሲት ይዛ ከጭቃ ስታነሣት ነው ቡዳው የተጋባባት» ተባለ።

ጥቅምት ሲገባ ከወንዙ ወዲህ ሌሎች ሦስት ጄኔሬተሮች ይጮኹ ጀመር። ስመኝ ውባንቺን ከአክስቷ ጋር ትታ በየቀኑ ትሄድ ነበር። ሞተር በሰማችበት ቤት ሁሉ ገብታ አንድ ነገር ትጠይቃለች፦ የት አስቀመጣችሁት? ሁለቱ ቤቶች እያጉረመረሙም ቢሆን ሞተሩን ወደ ውጭ አወጡት። ሦስተኛው ቤት የሸዋዓለም ነበር፤ ዓመት ያልሞላው ልጅ ያላት፣ በቅርብ የተዳረች ሴት። ባሏ ገበያ ሄዷል። ሞተሩ ከውስጥ ይጮሃል፤ በሩ ተዘግቷል።

ስመኝ አንኳኳች። ቆየች። በመዳፏ፣ ከዚያ በድንጋይ መታችው።

ሸዋዓለም ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ ከፈተች። ስታያት ወደ ኋላ ሸሸች። «እትዬ ስመኝ... ራሴን ፈልጦኝ ተኝቼ ነበር።»

«ልጁስ?»

«ተኝቷል።» በሩን ልትዘጋ ገፋች። «ልጄን አያዩብኝ፣ በማርያም። ባሌ እንዳላስገባዎት ብሎኛል።»

ስመኝ አልተከራከረችም። በክንዷ ገፋ አድርጋት ገባች። ሕፃኑን ከአልጋው አነሣችው፤ ሰውነቱ ልፍስፍስ ብሎ ነበር። ሸዋዓለም እየጮኸች ነጠላዋን ይዛ ስትጎትታት እሷ ልጁን ታቅፋ ወደ ፀሐይ ወጣች፤ ገላበጠችው፣ እፍ አለችበት። ጥቂት ቆይቶ ሕፃኑ ፊቱን አጨማደደና አለቀሰ። ልቅሶው እየበረታ ሲሄድ ለእናቱ ሰጠቻት። ከዚያ ተመልሳ ገብታ ሞተሩን አጠፋችው፤ አሁን ማጥፊያውን ታውቀዋለች።

ሁለቱ ሴቶች ደጃፉ ላይ ራቅ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ሸዋዓለም ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ በነጠላዋ ፊቱን ሸፍናለታለች።

«ባሌ ሲመጣ ይቆጣል» አለች።

«ይቆጣ» አለች ስመኝ። «እስኪመጣ እዚሁ እቀመጣለሁ።»